ከግንቡ ሥር ያለው ጥቁር አፈር

ኅዳር 3

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስ ጉልበትዎን ተሽሎዎት፣ ሳልዎ ለቆዎት፣ ከጎረቤትም ሳይነታረኩ ውለው ታግኝዎ። የመጨረሻው የሚሆን አይመስለኝም፤ ምኞት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ጋሼ፣ ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ። ቤቱን ዘንድሮ እሠራዋለሁ። እዚህ አገር የመጣሁት አባቴን ፍለጋ እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። «ድንበር ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ሄደ» ብለው ሲነግሩኝ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ሞላኝ። ያልጠየቅሁት መሥሪያ ቤት፣ ያላስገለጥኩት መዝገብ የለም። «ግንበኛ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል» እያልኩ ስናገር ጸሐፊዎቹ ገና ከበር ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ግን ባገኘውስ የት አሳርፈዋለሁ? በዚያ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር? መጀመሪያ ቤቱ ይቁም፣ ከዚያ እሱ ይመጣል ብያለሁ። ሞኝነት ነው ካሉኝ ይበሉኝ።

ንድፉን አብሬ ልኬያለሁ። ሁለቱ ክፍሎች ከአሮጌው ቤት ጎን ይሆናሉ። የሽንት ቤቱ ሴፕቲክ ታንክና የማስረጊያው ጉድጓድ ደግሞ ከጓሮው ግንብ ሥር፣ ያ በጋ ከክረምት ሣሩ የሚለመልምበት ጥግ ላይ ይቆፈር። ከጎኑ የአትክልት መደብ አወጣለታለሁ። ከመሠረቱ በፊት ጉድጓዱ ይቅደም ብሎኛል መላጣው መሐንዲስ። መላጣው መሐንዲስ የአለቃዬ አለቃ ነው። እኔ በአፈር መመርመሪያው ክፍል ጣሳና ወንፊት አጣቢ ብሆንም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭቃ ሳይ ኖሬ ባዶ ጭንቅላቴን አልቀረሁም።

እርስዎ የዕድሜ ልክ ግንበኛ ነዎት፤ ሥራው በእጅዎ ነው። መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 29

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለጉንዳኗ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ ሁለቴ ያለ መነጽር። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የነካሽውን ሁሉ ያሳምርልሽ፣ ከአለቃሽም ከአለቃሽ አለቃም ቁጣ ይሰውርሽ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል እንጂ አልተነቀለም።

ቤት መሥራትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ልጄ፣ ያንን ጥግ ተይው።

ሰፈሩ ቱንቢ ብሎ የሚጠራኝ ለጌጥ አይደለም። እኔ ያቆምኩት ግድግዳ ሲንጋደድ ያየ ሰው ካለ ይምጣ። እና ስለ አፈር ስነግርሽ ስሚኝ። ጥቁር አፈር እንደ ቀዩ ጨዋ አይደለም። ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ መሠረት ያነሳል፤ ሲሰነጠቅ እጅሽን እስከ ብብትሽ ትከቺበታለሽ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ አጥር ሆዱን ወደ መንገድ ነፍቶ የቆመው ለምን ይመስልሻል? ውሃም አያሰርግም፤ የሽንት ቤቱ ጣጣ ሁሉ ተመልሶ ደጃፍሽ ላይ ይተኛል። ካሮት ብትዘሪበት እንኳ ቁልቁል መውረድ ያቅተውና ሁለት እግር አውጥቶ፣ ሱሪ የታጠቀ ይመስል ያስቅሻል።

ሌላም ዓመል አለው። በየዓመቱ ድንጋይ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ዛሬ ለቅመሽ ታጠሪዋለሽ፤ ለከርሞ ሌላ ይዞ ይጠብቅሻል። የዋጠውን አያሳድርም።

በፊት ለፊት በኩል ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር አለ። ጉድጓዱ እዚያ ይሁን፣ ነገሩም እዚህ ላይ ይለቅ።

ባለፈው ጊዜ ስልክ ልላክልዎ ያልሽውን ደግሞ ተይው። ሰውየው ሳይታየኝ ድምፁን ብቻ መስማት አልወድም። ስለ አባትሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። ራስሽን እንዲህ አታድክሚ።

አጎትሽ ቱንቢ


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሳልዎን ሳይነግሩኝ አለፉ፤ ስለዚህ ብሶብዎታል ማለት ነው። ፈጣሪ ይማርልኝ።

ስለ ጥቁር አፈር የጻፉትን ለመላጣው መሐንዲስ ተርጉሜ አነበብኩለት። ከልቡ ሳቀና «ይህ ሰውዬ እዚህ ቢመጣ እኔን ያባርሩኛል» አለ። የካሮቱን ሱሪ ለሚስቱ እነግራታለሁ ብሏል።

ግን ፊት ለፊቱ አይሆንም ጋሼ። ከዚያ እስከ ልብስ ሰፊዋ የውሃ ጉድጓድ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ልጅ ሆኜ በመዝለል ቆጥሬዋለሁ። ጠጠራማ አፈር የሽንት ቤቱን ውሃ ሳያጣራ ቀጥታ ይልክላታል። ሴትዮዋ የእኛን ቆሻሻ ቀድታ ልትጠጣ ነው? ከጓሮው ጥግ በቀር ርቀቱ የሚበቃ ቦታ የለም። ውሃ ቶሎ ካላሰረገ ማስረጊያውን በአሸዋና በጠጠር እናሰፋዋለን፤ መፍትሔ አለው።

አንድ ፈተና ይሥሩልኝ። ፊት ለፊት አንድ፣ መሀል አንድ፣ ከግንቡ ሥር አንድ፣ ሦስት ጉድጓድ ጉልበት ድረስ ይቆፈር። ውሃ ሞልተው ያሳድሩት። በማግሥቱ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት ጣት እንደጎደለ ይጻፉልኝ። ከእያንዳንዱ ደግሞ አንድ አንድ ኪሎ አፈር ለየብቻ ቋጥረው፣ ወደዚህ በሚመጣው ሹፌር ይላኩልኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ እኔው እመረምረዋለሁ።

የድንበሩ መሥሪያ ቤት የዚያን ዓመት መዝገብ እንዲያይልኝም ጠይቄያለሁ። በዚህ አንድ ተስፋ ልቤ ተሰቅሏል። ይጸልዩልኝ።

ጉንዳንዎ


የካቲት 2

ለልጄ፣

ብዘገይ አትቀየሚኝ። እንዳልጽፍ እጄ አልተያዘም፤ የምጽፈው ነው ያጣሁት። ጤና ይስጥሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ያዘዝሽኝን ሠርቻለሁ። ፊት ለፊት ያለው በሰዓት ሰባት ጣት ጎደለ። የመሀሉ ሦስት ጣት። ከግንቡ ሥር ያለው ሙሉ ቀን ውሃውን አቁሞ አንድ ጣትም አልጎደለ፤ እንደ ሸክላ ነው። ሦስቱን ቋጠሮ ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ። እንግዲህ አይሆንም ካልኩሽ አይሆንም።

ዘንድሮ በጋው ከፍቷል። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ የነበረው፣ ይኸው ከጠፋ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ፤ የልብስ ሰፊዋም ጉድጓድ ነጥፏል። ጀሪካን ተሸክሜ ከታችኛው ሰፈር እንዳላመጣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ትናንት መንገድ ላይ ተቀምጬ ቀረሁና የማላውቃት ሴት አነሳችኝ። አፈርኩ።

መሬቱ ከግንቡ ሥር አፉን ከፍቷል ልጄ። እንዲህ ሲከፍት አይቼው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሲያቃጥል ጠጋ ካልሽ ይሰማል፤ ጠስ፣ ጠስ ይላል። ቱንቢዬን በገመዱ ወደ ስንጥቁ አወረድኩት። ገመዱ አለቀ፣ ቱንቢው መሬት አልነካም። እጄን ስዘረጋ ከውስጥ ሞቅ ያለ አየር ነካኝ። ሰው ትንፋሹን እንደሚለቅ ያለ።

ከትናንት ወዲያ አንድ አሮጌ ነገር ገፍቶ አውጥቶ አገኘሁ። መልሼ ከተትኩት። አፈር በእጄ አፍሼ አፍሼ አለበስኩት፤ ግን ደረቅ አፈር ነው፣ ይንሸራተታል።

ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ብቻዬን ስውል አፌ አይዘጋም።

አጎትሽ


የካቲት 20

ለጋሼ፣

ጤናዎ አሳስቦኛል። ለውሃ አምጪ የሚሆን ገንዘብ ለልብስ ሰፊዋ ልኬያለሁ፤ ጀሪካን አይንኩ። አሁን የምጽፈውን ግን ተቀምጠው ያንብቡ።

ሦስቱ ቋጠሮዎች ደረሱኝ። በጣሳ አድርጌ ምድጃ ከተትኳቸው። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ከጣሳው ግድግዳ ይላቀቃል፣ ይሸበሸባል፣ መሀሉ ይተረተራል፤ በየቀኑ የማየው ነው። ከግንቡ ሥር ብለው የላኩት ሦስተኛው ግን አልተላቀቀም። በወንፊት አጠብኩት። የቀረው ጠጠር ቀይ ነው። ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጠጠር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ መላጣውን መሐንዲስ ጠራሁት፤ ዓይኑን ጣል አድርጎ «አንድ ጉድጓድ ነው» አለ።

ጋሼ፣ የፊት ለፊቱን አፈር ሁለት ቦታ ከፍለው ነው የላኩልኝ። ከግንቡ ሥር አልቆፈሩም። ስለ ውሃውም የጻፉልኝ እውነት አይደለም። እርስዎ ለአንድ ጣት ዝንፈት ግድግዳ አፍርሰው የሚገነቡ ሰው፣ እኔን በአፈር ሊያታልሉኝ? ምን ቆርጦዎት?

ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩላት። መጀመሪያ ተግደረደረች፣ ከዚያ ተናገረች። «ልጄ፣ ሰው ይታዘባል ብዬ ነው እንጂ ሃያ ዓመት ሲያጠጣ አያለሁ። ምንም ያልተዘራበት መሬት። በጋ በጋ፣ ጠዋትና ማታ፣ የሚጠጣውን ውሃ ቀንሶ» አለችኝ። ሣሩ የሚለመልመው ለካ በእርስዎ ባልዲ ነው። ለምን?

አፈሩ ያወጣው አሮጌ ነገርስ ምንድን ነው?

የድንበሩ መሥሪያ ቤት መልስም መጣ። በዚያ ዓመት፣ በፊቱም በኋላውም፣ በአባቴ ስም የተሻገረ ሰው የለም። ወረቀቱን ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ስቆም የምወርድበት አለፈኝ።

ቆፋሪ ቀጥሬያለሁ። መጋቢት 25 ጠዋት ይመጣል፤ ከግንቡ ሥር ይጀምራል። እባክዎ ከዚያ በፊት ይጻፉልኝ።

ጉንዳን


መጋቢት 27

ለልጄ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ከእኔ የሚወጣ ምርቃት የሚይዝሽ አልመስል አለኝ። ፈጣሪ ራሱ ይመርቅሽ።

ቆፋሪው መጥቶ ነበር። በር ላይ አቁሜ «ተሰርዟል» አልኩት። ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ትንሽ አየኝና «ጋሼ ቱንቢ፣ አሞዎታል እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። እኔም ከግንቡ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

ያወጣው ነገር ጫማ ነው። የአባትሽ ጫማ፣ የግራ እግሩ።

አባትሽ የትም አልሄደም ልጄ። እዚሁ ነው።

ያን ዓመት ክረምቱ እንዳባራ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ልንቆፍር ተነሳን። ከሦስት ቀን በፊት በግቢው ተጣልተን ነበር፤ እሱ ግማሹን እንሽጥ፣ እኔ አይሸጥም። አደባባይ ወጥተን ተሰዳደብን፣ ልብስ ሰፊዋ ናት የገላገለችን። «እዚሁ እቀብርሃለሁ» ማለቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በንዴት የወጣ ቃል ነው። ታረቅንና ቁፋሮ ጀመርን።

ሁለት ሰው ቁመት ወረድን። እሱ ጫማውን አውልቆ ከታች ይቆፍራል፣ እኔ በባልዲ እስባለሁ። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ እርጥብ ነበር። «አጣና አቁመን ግድግዳውን እንደግፈው» አለኝ። ጥቁር አፈር ሲቆረጥ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔም አየሁትና «ግድግዳ የማነበው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልኩት። ባልዲውን ለመድፋት ዞር ስል በአንድ ጊዜ ወረደ።

ወዲያው ነው ያለቀው። ድምፅም አላሰማ፤ አልተሰቃየም።

ብጮህ ማን ያምነኛል? እቀብርሃለሁ ብዬ ቀብሬው። እናትሽ የለች፣ አንቺንስ ማን ያሳድግሽ ነበር? እስኪመሽ ሞላሁት። ጫማውን ከላይ ጥዬ አፈር አለበስኩት፤ በማግሥቱ ሄደ ብዬ አወራሁ።

በየዓመቱ ሁለት ጋሪ አፈር እጨምራለሁ፣ በየዓመቱ ይሰረጉዳል። በበጋ እንዳይሰነጠቅ አጠጣዋለሁ። አንድ ዓመት ሰው እንዳይጠረጥር ቆስጣ ዘራሁበት። እንደዚያ ያለ ቆስጣ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ቅጠሉ ክንዴን ያክል ነበር። ነቅዬ ጣልኩትና ከዚያ ወዲህ ምንም አልዘራሁበትም። አሁን ግን ውሃም የለም፣ ጉልበትም የለም።

ከፈለግሽ ርገሚኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። መላጣው መሐንዲስ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ፤ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ሃያ አራት ዓመት ስጠብቀው፣ በሰው አገር በየደጃፉ «ይህን ሰው አይታችኋል ወይ» ስል፣ አንተ ከራሱ ላይ ቆመህ ውሃ ታፈስ ነበር። የላክሁልህን ፎቶውን፣ አባዝቼ የለጠፍኩትን፣ «ጥሩ ወጥቷል» ብለህ ጻፍክልኝ። እንዴት እጅህ ታዘዘልህ?

ለፖሊስ ጽፌያለሁ። ለልብስ ሰፊዋም ነግሬያታለሁ። ግንቦት 12 እኔ እገባለሁ፣ በ13 ይቆፈራል። አፈሩን በወንፊት የማሳልፈው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም።

አሁን አንድ ነገር መልስልኝ።

«ወዲያው ነው» ብለሃል። እርጥብ ጥቁር አፈር ሲወርድ እንደ አሸዋ አይፈስም። ትልልቅ ሆኖ ተገንጥሎ ነው የሚወድቀው። ተጋድሞ፣ ተደጋግፎ ይቀርና ከሥሩ ክፍተት ይተዋል። እዚህ በሥራ ላይ የተቀበረ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ በሕይወት ሲያወጡት አይቻለሁ።

ደግሞ ያን ቀን አስታወስኩት። አንድም ቀን ከትምህርት ቤት ወስደኸኝ የማታውቅ፣ ያን ቀን በር ላይ ቆመህ ጠበቅኸኝ። ቤት እንሂድ ስልህ «ዛሬ እንዞራለን» አልከኝ። በገበያው በኩል፣ በድልድዩ በኩል፣ እንደገና በገበያው በኩል። እግሬ ደክሞኝ ሳለቅስ ተሸከምከኝ። አንገትህን ስይዝ ጣቶችህ ይታዩኝ ነበር፤ ጥፍሮችህ ተሰባብረው፣ ጥቁር አፈርና ደም ሞልቷቸው። አካፋ የያዘ ሰው ጥፍር እንዲህ አይሆንም። በእጅህ ስትቆፍር ነበር። ድምፅ ያላሰማን ሰው በእጁ የሚቆፍር የለም።

እኔን በገበያ ስታዞር አባቴ በሕይወት ነበር?


ሚያዝያ 30

ልጄ፣

በሕይወት ነበር።

የወረደው አፈር ልክ እንዳልሽው ነው የተጋደመው። ከሥሩ ያወራኝ ነበር። አካፋ ስሰድበት ጠርዙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥዬው በእጄ ያዝኩት። «እግሬ አይሰማኝም እንጂ ደህና ነኝ» አለኝ። ቀለደብኝም፤ «አንባቢው፣ ግድግዳው አሁን ምን ይላል?» አለኝ። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስድስት ሊሆን ነው አልኩት።

«ልጅቷ ልትለቀቅ ነው» አለ። «እየሮጠች ነው የምትገባው፤ ጠርዙ ይዟት ይወርዳል። ሂድ ያዛት፣ ወደዚህ እንዳትመጣ። በዚያውም ሰው ጥራ። አጣናና አምስት ሰው ካገኘህ እወጣለሁ።»

እሺ አልኩት።

አንቺን ይዤሽ ዞርኩ። ያየሁት ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ የሚመጣ መሰለኝ። አፌን ልከፍት ስል ያ «እቀብርሃለሁ» ያልኩት ቃል ይቀድመኛል። አሁን እናገራለሁ፣ ያንን ጥግ ስንዞር እናገራለሁ እያልኩ መሸ። አንቺን ልብስ ሰፊዋ ቤት አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ተንበርክኬ ጆሮዬን አፈሩ ላይ አደረግሁ። ዝም ብሏል።

ስትመጪ በሩ ክፍት ነው። የትም አልሄድም። ፖሊስም ሲመጣ እዚሁ ያገኘኛል።

አንድ የቀረ አለ፤ ይህን ለራሴም ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ገበያው ላይ ብስኩት ልገዛልሽ ሱቁ ጋ ቆምን። ቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ አብረውኝ ሠርተዋል። አምስት ነበሩ። ሲያዩኝ ብድግ ብለው «ጋሼ ቱንቢ፣ ዛሬ ሥራ አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው።

አጎትሽ